ቀይ እስክሪብቶውን አስቀምጠህ የጎረቤት ዲፓርትመንት በር አንኳኳ

ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ሰላም መምህር። ጎንደር ውስጥ ሲቪል ምህንድስና ሳስተምር ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አራተኛና አምስተኛ ዓመት የደረሱ ተማሪዎቼ የሚጽፉት ሪፖርት አይነበብም። ስሌቱን ይሠሩታል፤ ስለሠሩት አንድ አንቀጽ ጻፉ ሲባሉ ግን ይጠፋቸዋል። የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ሰዎችን ስናናግር ‹እኛ ፍሬሽማን ላይ አስተምረናል፤ ከዚያ ወዲያ የናንተ ነው› ይሉናል። የኛዎቹ ደግሞ ‹መሐንዲስ ነን እንጂ የቋንቋ አስተማሪ አይደለንም› ይላሉ። አብሮ መሥራት የሚባለው ነገር እውነት ይሠራል? ከየት ነው የሚጀመረው?»

ወንድሜ፣ አንተ እያልኩ ብጽፍልህ ቅር አይበልህ፤ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም። እንግሊዝኛ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። «ከዚያ ወዲያ የናንተ ነው» ካሉህ ሰዎች ወገን ነኝ ማለት ነው። እኔም ብያለሁ። ደጋግሜ ነው ያልኩት።

አዎ፣ ይሠራል። ግን በኮሚቴ አትጀምር። በአንድ ሰው፣ በአንድ ኮርስ፣ በአንድ ገጽ የተማሪ ጽሑፍ ጀምር።

ኮሚቴ የሰለቸኝ ያለ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ፣ የት እንደነበር ይቅር፣ የተማሪዎችን የጽሑፍ ችሎታ ስለማሻሻል የሁለት ቀን ስብሰባ ተጠራን። ባነር ተሰቀለ። አበል ተፈረመ። የሻይ እረፍቱ እንደሆነ አንደኛ ነበር። ከዚያ እያንዳንዱ ዲፓርትመንት ተራ በተራ እየተነሳ ተማሪውን አማ፤ «ከታች ሳይማሩ ነው የሚመጡት» ተባለ፣ «ትውልዱ አያነብም» ተባለ፣ ቲክቶክም ተነሳ። በሁለተኛው ቀን ማታ «ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» የሚል ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ተበተንን። በሁለት ቀን ውስጥ አንድ የተማሪ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልያዝኩም። በሽተኛው በሌለበት ስለ በሽታው ስናወራ ዋልን።

እኔን ያነቃኝ አንድ የላብራቶሪ ሪፖርት ነው። እንዳንተው የተማረረ የሲቪል ምህንድስና ባልደረባዬ ፒያሳ ጀበና ቡና ስንጠጣ ከቦርሳው ወረቀት አወጣና «እስቲ ይህን እየው» አለኝ። የኮንክሪት ኪዩብ ሙከራ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ወረቀቱን በቀይ አለበስኩት። የግሡን ጊዜ አስተካከልኩ፣ የጎደሉትን «ኤ» እና «ዘ» ጨመርኩ፣ ነጠላና ብዙ ቁጥሩን አስማማሁ። ኮራ ብዬ መለስኩለት። አነበበና ሳቀ።

«ስህተቱን አሳምረህ መለስክልኝ እኮ!»

ልጁ የኮንክሪቱ ጥንካሬ 450 ኪሎ ኒውተን ነው ብሎ ጽፏል። እኔ የዚያን ዓረፍተ ነገር ሰዋስው አቃንቼ አልፌዋለሁ። ባልደረባዬ በእስክሪብቶው እየጠቆመ አስረዳኝ። 450 ኪሎ ኒውተን ኪዩቡን የሰበረው ጭነት ነው። ጥንካሬ የሚባለው ጭነቱ ለስፋቱ ሲካፈል ነው፤ ኪዩቡ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የሚመጣው 20 ሜጋ ፓስካል ነው። የተቀላቀለው ደግሞ ሲ-25 እንዲሆን ነበር፤ በ28ኛው ቀን 25 መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። ልጁ ግን «ውጤቱ ጥሩ ነው» ብሎ ጨርሷል። «አንተም ‹ጥሩ ነው› የሚለውን አልነካኸውም» አለኝ፣ «ሰዋስዉ ልክ ነዋ!»

አፈርኩ። ግን ዝም አላልኩም። እሱ ራሱ ቀደም ብሎ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን አሳየሁት። ከላይ በትልቁ «ፑር ኢንግሊሽ»፣ ከሥሩ 5 ከ10። ሌላ ምንም የለም። ይህን ያየ ልጅ ነገ ምን ይሥራ? የግራመር መጽሐፍ ይግዛ? አንተን ያናደደህ እንግሊዝኛው ነው ወይስ የወደቀ ኮንክሪት ጥሩ ነው መባሉ? አልኩት። አሁን ዝም ያለው እሱ ነው። ለተማሪዎቹ የሰጠውን መመሪያ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ስልኩ ላይ ፈልጎ አወጣው፤ «ላብ ሪፖርት ጻፉ» የሚል አንድ መስመርና የማስረከቢያ ቀን ነው። በቃ።

ያን ቀን የተነጋገርነውን ነው አሁን ለአንተ የምጽፈው።

«ዲስከሽን» የሚለውን ክፍል እንደ ምሳሌ ውሰደው። ተማሪዎችህ እዚያ ላይ ምን ይጽፋሉ? ልገምት፤ አሠራሩን ይደግሙታል። የኪዩቡን ቅርጽ ማውጫ እንዴት ዘይት እንደቀቡት፣ ማሽኑ ውስጥ እንዴት እንዳስገቡት። ለምን? ያ ክፍል ምን ሥራ እንደሚሠራ የነገራቸው የለም። አንተ ታውቀዋለህ፤ ያገኘኸውን ቁጥር ከሚጠበቀው ጋር ታስተያያለህ፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ትናገራለህ (ውሃው በዝቶ ነው? በደንብ አልተጠቀጠቀም? ውሃ ሳይጠጣ ደርቆ ነው?)፣ ከዚያ ይህ ኮንክሪት ለምን ይሆናል ለምን አይሆንም ትላለህ። ለአንተ ይህ እንደ መተንፈስ ነው። ስለለመድከው ሌላውም የሚያውቀው ይመስልሃል። እኔ ደግሞ ሥራዬ ጽሑፍ ስለሆነ «እዚህ ጋ ምን መሆን ነበረበት?» ብዬ እጠይቅሃለሁ፤ አንተ ስትመልስልኝ መልስህን እጽፈዋለሁ፤ ያ የጻፍኩት ነው ለተማሪው የሚሰጠው መመሪያ። አብሮ መሥራት ስልህ ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም።

ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በእንግሊዝ አገር ሜሪ ሊ እና ብራያን ስትሪት የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት አለ። የየትምህርት ክፍሉን መምህራን ስለ ተማሪ ጽሑፍ ሲጠይቋቸው ጥሩውን ከመጥፎው ለይተው ያውቁታል፤ «እስቲ ምኑ ነው ጥሩ ያደረገው?» ሲባሉ ግን በግልጽ ማስረዳት ይቸግራቸዋል። «መዋቅር»፣ «መከራከሪያ» ይላሉ፤ ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ከአንዱ ትምህርት ክፍል ወደ ሌላው ትርጉሙ ይለያያል። ተማሪው ነው በመሃል የሚንገላታው። አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጽሑፍን ከእንግሊዝኛ ክፍል አውጥተው በየኮርሱ የማስገባት እንቅስቃሴ የጀመሩት ለዚህ ነው። በአንደኛ ዓመት የተማረው አንቀጽ ብቻውን እስከ አምስተኛ ዓመት ልጁን አያደርሰውም።

«ከታች ሳይማሩ ይመጣሉ» የሚለው ሐሜት ግማሽ እውነት አለው፤ እሱንም አልደብቅህም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግን ምርጫ ነው፤ መልስ መምረጥ እንጂ መጻፍ የለውም። አንድ ልጅ ወግ ያለው አንቀጽ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። ፍሬሽማን ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮርስ ይወስዳል። ከዚያ ያቆማል። ሁለተኛ ዓመት ስሌት፣ ሦስተኛ ዓመት ስሌት፣ አራተኛ ዓመት ስሌትና ኢንተርንሺፕ፣ አምስተኛ ዓመት ላይ ድንገት «የመመረቂያ ጽሑፍህን አምጣ» ይባላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናው ተጨመረ፤ እሱም ምርጫ ነው። ልጁ ጊዜውን የት ቢያጠፋ ትፈርድበታለህ? እኔ አልፈርድበትም።

እኛስ ፍሬሽማን ላይ ምንድን ነው የምናስተምረው? ስለ ጓደኝነት አንቀጽ፣ ስለ ትውልድ ቀዬ አንቀጽ፣ የከተማና የገጠር ኑሮ ንጽጽር። መጥፎ አይደለም። ግን ጥምቀት በጎንደር እንዴት እንደሚከበር ያማረ አንቀጽ የጻፈች ልጅ፣ ስለ አፈር ናሙና ስትጽፍ ያው ጣፋጭ መግቢያ ታመጣና ካንተ ጋር ትጣላለች። እኛ ያጨበጨብንለትን ነው አንተ ቀዩን የምታሰምርበት።

አሁን ወደ ሥራው። ከእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት አንድ ሰው ፈልግ፤ የማይሰለች ሰው። ኃላፊውን ሳይሆን ሰውየውን። ሴትም ልትሆን ትችላለች፤ የኛ ዲፓርትመንት ጎበዞቹ ሴቶቹ ናቸው። ስትሄድ ግን ስድሳ ወረቀት ተሸክመህ «እባካችሁ እንግሊዝኛውን አርሙልን» እንዳትል። ብዙ ትብብር የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። እኛ ልብስ አጣቢ አይደለንም፤ የቆሸሸ ወረቀት ተሰጥቶን አጥበን ተኩሰን የምንመልስ። እንደዚያ ስትለኝ ሁለት ነገር ነው የምሰማው፤ ያንተ ሥራ ቁም ነገር ነው፣ የኔ ጌጥ። ይልቅ ሁለት ወረቀት ብቻ ይዘህ ሂድ፤ አንድ ደህና የምትለውን፣ አንድ መካከለኛ። የተማሪዎቹን ስም አጥፋ። «እኔ ይሄኛው ደህና ነው እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝ፤ እስቲ አብረን እንየው» በል። እንደዚህ ብሎ የመጣን ሰው የሚመልስ አስተማሪ አላየሁም።

ከዚያ ለየብቻ አርሙ። ሳትነጋገሩ። ነጥብ ስጡ፣ ከጎኑ ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፉ። ሦስተኛ ሰው ከዲፓርትመንትህ ካገኘህ በጣም ጥሩ፤ ዋናው ገበና የሚወጣው ያኔ ነው፤ ሁለት መሐንዲሶች በአንድ ወረቀት ላይ የሰማይና የምድር ያህል ሲለያዩ ታያለህ። እኛ ስንሞክረው አንዱ በጣም የወደደውን ሌላው ጥሎታል፤ ሁለቱም አንድ ዲፓርትመንት፣ ሁለቱም አንድ ኮርስ ያስተማሩ። አንዱ የሚያየው ቁጥሩን ነው፣ ሌላው የሥዕሉን ጥራት። ተማሪው ይህን በምን ይወቀው? ክርክሩን አትፍራው፣ ቡና አስቀርቡና ተከራከሩ። የምትስማሙባቸውን አራት ወይም አምስት ነጥቦች ጻፉ። ከዚያ በላይ አታድርጉት። ሃያ ረድፍ ያለው የነጥብ መስጫ ሠንጠረዥ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ እስካሁን ተማሪ ሲያነበው አላየሁም።

በመጨረሻ የመመሪያ ወረቀቱን አብራችሁ እንደገና ጻፉት። ከኔና ከባልደረባዬ የወጣው በአማርኛ ሲገለጽ እንዲህ ያለ ነበር፦ «የግንባታ ቦታ ተቆጣጣሪ ነህ እንበል። ይህን ኮንክሪት ለምሰሶ እንጠቀምበት ወይስ አንጠቀምበት ብሎ የሚጠብቅህ ሥራ አስኪያጅ አለ። በሦስት ገጽ ንገረው። መልስህን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀምጥ። እያንዳንዱ ቁጥር መለኪያው አብሮት ይጻፍ። ‹ጥሩ›፣ ‹ደካማ›፣ ‹በቂ› የሚል ቃል ስትጽፍ ከምን አንጻር እንደሆነ አብረህ ተናገር።» ይኸው ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር የመጣው ሪፖርት እንግሊዝኛው አሁንም ይንገዳገድ ነበር፤ ውሸት አልነግርህም። ግን ምን ለማለት እንደፈለጉ ይገባን ነበር። ደግሞ የገረመኝ፣ ለማን እንደሚጽፉ ሲያውቁ ግራመሩ ራሱ በመጠኑ ተቃና፤ የሚናገረውን ያወቀ ሰው ምላሱ እንደሚፈታው ዓይነት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከሁሉ የምወደው ነው። እዚህ አገራችን ጽሑፍ ማስተማር የሚችል ሰው ጠፍቶ አይደለም። ጎንደር ተወልደህ ካደግክ የቆሎ ተማሪ አይተሃል። የቅኔ መምህር አዲሱን ተማሪ በመጀመሪያው ቀን «መወድስ ቁጠር» (ረጅም ቅኔ ድረስ ማለት ነው) አይለውም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምረዋል። ያቺን ሲችል ሦስት ቤት ወዳላት ወደ ዘአምላኪየ ይወስደዋል፤ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚመጣው ከስንት ድካም በኋላ ነው። ተማሪው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል፣ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ እዚያው ያቃናለታል፣ ሌላው ተማሪ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ተመልከት፤ ከትንሹ ይጀመራል፣ ሳይጠናቀቅ ይታያል፣ የአንዱ እርማት የሁሉም ትምህርት ይሆናል። እኛ ዲግሪ የያዝነው ደግሞ ሁለት ቤት ያላጻፍነውን ልጅ በአምስተኛ ዓመቱ «መወድስ ስጠን» እንላለን። (ተማሪዎቻችን ነገር የሚያዞሩት ሰምና ወርቅ ስለለመዱ ነው የሚል ሊቅ ታገኛለህ። አትመነው። ቅኔ ያለ ልክ የሚዞር ነገር የለውም፤ ቃል የሚባክንበት አይደለም። ልጆቹ የሚያዞሩት የሚሉትን ስላላወቁ ነው።)

ስለዚህ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ አንቀጽ። አንዲት ሠንጠረዥ ስጣቸውና «ይህ ሠንጠረዥ ምን ይላል?» በአምስት ዓረፍተ ነገር። ሦስተኛ ዓመት ላይ የሪፖርቱን ዲስከሽን ብቻ። አራተኛ ዓመት ሙሉ ሪፖርት። አምስተኛው ዓመት ላይ ስትደርስ አዲስ ነገር አይሆንበትም። አዲስ ኮርስ መክፈት አያስፈልግም፤ ሴኔት የሚሄድ ነገር የለውም፣ ያለህ ላብ ሪፖርት ይበቃል።

ስድሳ ተማሪ አለኝ ልትል ነው። አውቃለሁ። ሁሉንም አትረም። ሁለት ሦስት አንቀጽ መርጠህ ስም ሳትጠቅስ ፕሮጀክተር ላይ አውጥተህ ክፍሉ ፊት አቃናቸው፤ የቅኔው ቤት ዘዴ ነው። ሌላውን ጎን ለጎን እርስ በርስ ይነባበቡ፤ ግን «አስተያየት ስጡ» ብለህ እንዳትተዋቸው፣ «አሪፍ ነው» ተባብለው ነው የሚመለሱት። ሦስት ጥያቄ ስጣቸው፤ የተገኘው ስንት ነው፣ የተጠበቀው ስንት ነበር፣ ልዩነቱ ለምን መጣ ይላል? ካላገኙት ከጎኑ ባዶ ሳጥን ይሥሉ። (አንድ ለአምስት እንዳትለኝ። ይህ አንድ ለአንድ ነው፣ ቃለ ጉባኤም የለውም።)

ግራመሩን በተመለከተ። ያንተን ቀይ እስክሪብቶ አስቀምጠው ያልኩህ ከልቤ ነው። ሁሉንም ስህተት ማረም ተማሪውን ይለውጠዋል ወይ የሚለው ራሱ እኛ ሙያተኞቹን ያጣላ ነገር ነው፤ ጆን ትራስኮት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1996 «የግራመር እርማት ተውት፣ አይጠቅምም» ብሎ ተነሳ፣ ዴና ፌሪስ የምትባለው ደግሞ «ኧረ እንደ አስተራረሙ ነው» ብላ መለሰችለት፤ ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ። ግን አንተ መሐንዲሱ እዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ ምን አገባህ? ሪቻርድ ሃዝዌል የሚባል አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ዘዴ አለ። ስህተት ያለበት መስመር ዳር ላይ ትንሽ ምልክት ብቻ ታደርጋለህ፤ ምን እንደሆነ አትናገርም። ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያቃናል። የሱ ተማሪዎች ምልክት ከተደረገባቸው ስህተቶች ከግማሽ በላዩን ራሳቸው አግኝተዋል። በርግጥ የነዚያ ልጆች አፍ መፍቻ እንግሊዝኛ ነው። ከኛ ልጆች ያንን ያህል አትጠብቅ። ግን የሚገርምህ ነገር፣ የኛም ልጆች ካጠፉት ቀላል የማይባለውን ራሳቸው ያውቁታል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጽፈው ሳያነቡት ስላስረከቡ ነው። የቀረውን ለእንግሊዝኛው ባልደረባህ ተወው፤ እሱ ከስድሳው ወረቀት የሚደጋገሙትን ሦስት ስህተቶች ለቅሞ አንድ ክፍለ ጊዜ መጥቶ ያስተምርልህ፤ ከናንተው ወረቀት በወጣ ምሳሌ። ግቢህ ውስጥ የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከል ካለ፣ ኤሊክ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ሰዎቹ ተማሪ አጥተው የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። «ሄዳችሁ ተማሩ» ብትል ማንም አይሄድም። የላብ ሪፖርቱን ረቂቅ ይዘው እንዲሄዱ ካደረግክ ግን ይሄዳሉ፤ ጉዳይ አላቸዋ።

አንድ የተደበቀ ጠብ አለ፤ ቀድመህ ብታወጣው ይሻላል። የምንጭ አጠቃቀስ። እኛ ጋ ደራሲውንና ዓመቱን በቅንፍ አስገቡ ብለን እናስተምራለን። እናንተ ጋ ብዙ ጊዜ በቅንፍ ተራ ቁጥር ነው። የሕክምና ሰዎችም ቁጥር ነው የሚጠቀሙት፤ ቫንኩቨር የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ቫንኩቨር ከተማ ላይ ከተሰበሰቡበት ስብሰባ የወጣ ነው። የሕግ ሰዎች ግርጌ ላይ ያወርዱታል። ልጁ ግን ይህን ሁሉ ማን ነገረው? እኛ ያስተማርነውን ጽፎ ሲመጣ አንተ «ተሳስተሃል» ትለዋለህ፤ ከዚያ ልጁ የሚደርስበት መደምደሚያ ሕጉ የአስተማሪው ጠባይ ነው የሚል ነው። «እኔ» ብሎ መጻፍም እንደዚያው። አንዱ ይከለክላል፣ አንዱ ይፈቅዳል። የግድ አንድ መሆን የለብንም። «እኛ ጋ እንዲህ ነው፣ እነሱ ጋ እንዲያ ነው፣ ምክንያቱ ይሄ ነው» ብሎ መንገር ይበቃል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችንም አትርሳቸው፤ ይህን ነገር ከሁላችንም ይልቅ እነሱ ያውቁታል፣ ማንም ግን አይጠይቃቸውም።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር። ልጁ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ሲጀምረው ሐሳቡም ይታሰራል። እኔ ቢሮዬ ሲመጡ «ተወው ወረቀቱን፤ ምን አገኘህ? በአማርኛ ንገረኝ» እላለሁ። ወዲያው ጥርት አድርጎ ይነግርሃል! «በል የነገርከኝን ጻፈው» እለዋለሁ። ሙሉ አንቀጽ ይወጣል። አማርኛ ግን የሁሉም አፍ መፍቻ አይደለም፤ ተማሪው ከመላ አገሪቱ ተመድቦ ነው የሚመጣው። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ አፉን የፈታ ልጅ ካለህ ከአገሩ ልጅ ጋር በቋንቋው ተነጋግሮ ይምጣ። ጽሑፉ እስከመጨረሻው በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ ውይይቱ በምን ቢሆን ምን ቸገረህ?

ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጥ የመመረቂያ ጽሑፍና ቻት ጂፒቲም ሳይነሱ አይቀሩም። በአጭሩ፣ ጽሑፉን ደረጃ በደረጃ ካየኸው፣ ረቂቁን ካየህ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ «ይህ 20 ከየት መጣ?» ብለህ በቃል ከጠየቅከው፣ ያልጻፈውን ይዞ የመጣው ያኔውኑ ይታወቃል። ፖሊስ መሆን አይጠበቅብህም።

«ዲኑስ? ጊዜውስ? ማን ይቆጥርልኛል?» ማለትህ አይቀርም። እውነቱን ነው፣ ለዚህ ሥራ የሚሰጥ ክሬዲት የለም። ሁለት አስተማሪ አንድ ክፍል ቢገባ አንዱ ብቻ ነው የሚቆጠርለት። እኔ ያገኘሁት መላ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የምትሠሩትን ኮርስ አውትላይኑ ላይ አስገቡት፤ እዚያ ከተጻፈ አንተ ብትዛወርም ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የተማሪ ወረቀት በፈቃዳቸው አስቀምጡና አብራችሁ አንድ ጥናት ጻፉበት። ለደረጃ እድገት የሚቆጠረው ኅትመት አይደል? ይኸው ኅትመት። ዲኑ ጋ የምትሄደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሠርተህ፣ ወረቀት ይዘህ።

ደግሞ «የተለያየ ሙያ አብሮ አይሄድም» የሚልህ ካለ የከተማችንን ታሪክ ጠቁመው። የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም የጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር የሚያሠለጥነው፤ ለየብቻ ሳይሆን በቡድን እየሠሩ እንዲማሩ። የቡድን ሥልጠናው፣ ቲቲፒ የሚሉት፣ ዛሬም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ። የተለያየ ሙያ የሚማሩ የጤና ተማሪዎች አንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ገብተው የዚያን ሰፈር የጤና ችግር አብረው ያጠናሉ፣ አብረው መፍትሔ ይሞክራሉ፣ በስተመጨረሻ አንድ ሪፖርት አብረው ይጽፋሉ። እነዚያ ልጆች የሚጣሉበትን ቦታ አንዴ ቁጭ ብለህ ስማ፤ ነርሷ «ይህ ቃል እናትየዋን ይወቅሳል» ትላለች፣ የአካባቢ ጤናው ልጅ «የጉድጓዱ ርቀት ይጻፍ» ይላል። ጽሑፍ የሚማሩት እዚያ ጠብ ውስጥ ነው። ሳይት ላይም ተማሪዎችህ የሚገጥማቸው ይኸው ነው፤ ፎርማን፣ አማካሪ፣ አሠሪ፣ ሁሉም የየራሱን የሚያነብበት አንድ ሪፖርት።

በል፣ እንግዲህ። መጪው ሴሚስተር ሳይጀመር ሁለቱን ወረቀቶች ምረጥ፤ ደህናውንና መካከለኛውን። ለእንግሊዝኛው ሰው ቡናውን አንተ ጋብዝ። የመመሪያ ወረቀታችሁን አዲስ ረቂቅ ስትጨርሱ እዚሁ ለጥፈው፤ እኔ ስለ ኮንክሪት የማላውቅ አንባቢ ሆኜ አነበዋለሁ፤ ያልገባኝን መስመር ዳሩ ላይ ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አልነግርህም።